ስሙ ያልተመዘገበ ምስል፦ በትላልቅ የፎቶግራፍና የቪዲዮ ክምችቶች ውስጥ የሚደረግ ፍለጋና የድንበር ቋንቋዎች፣ ከዳበል (ሞያሌ፣ ኬንያ) አንጻር

አጽሕሮተ ጥናት

የዲጂታል ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች ክምችት በበዛ ቁጥር፣ የሚፈለገውን ምስል ማግኘት ምስሉን ከማስቀመጥ የበለጠ አስቸጋሪ እየሆነ መጥቷል። ይህ ጽሑፍ ኮምፒዩተር ምስልን የሚፈልግባቸውን ሦስት መንገዶች ካብራራ በኋላ፣ እያንዳንዱ መንገድ በዳበልና በሞያሌ አካባቢ በሚነገሩ ቋንቋዎች ላይ ሲሠራ የት ላይ እንደሚሰናከል ያሳያል። መከራከሪያው አንድ ነው፤ የምስል ፍለጋ በመጨረሻው የቃል ፍለጋ ስለሆነ፣ ቃሉን የሚያውቁት የቋንቋ ባለሙያዎችና ተናጋሪዎች ያልተሳተፉበት ክምችት ለባለቤቱ ማኅበረሰብ ዝግ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻም የታተሙ መዝገበ ቃላትን ከምስል ክምችት ጋር ለማያያዝ የሚያገለግል የአመዘጋገብ አካሄድ ቀርቧል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የምስል ፍለጋ፣ ገላጭ መረጃ፣ የቦረና ኦሮምኛ፣ ሥርዓተ ጽሕፈት፣ የድምፅና ምስል ቤተ መዛግብት፣ ሞያሌ

1. መግቢያ

ዳበል በሰሜን ኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ አስተዳደር ሥር የሚገኝ የአርብቶ አደሮች አካባቢ ነው። ሞያሌ ራሷ የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። በአካባቢዋ ቦረና፣ ገብራ፣ ሳኩዬ፣ ቡርጂ፣ ገሪና ሌሎችም ማኅበረሰቦች ይኖራሉ፤ በአንድ የገበያ ቀን የቦረና ኦሮምኛ፣ ቡርጂኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ መስማት የተለመደ ነው።

አካባቢው በካሜራ ያልተቀረጸ አይደለም። ጄምስ ብሉና ዴቪድ ማክዱጋል በ1974 ያወጡት «ኬንያ ቦራን» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም የማርሳቢትን የቦረና ቤተሰቦች ኑሮ፣ በተለይም በከብት ጥበቃና በትምህርት ቤት መካከል የቆሙትን ልጆች ሕይወት የሚያሳይ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመራማሪዎች፣ የሚሲዮናውያን፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የጋዜጠኞች ካሜራ ተከትሏል፤ ዛሬ ደግሞ ስልክ የያዘ ሁሉ ይቀርጻል። በ2024 በሂሎ የወርቅ ማውጫ የደረሰው የሰው ሞትና የመንግሥት የእገዳ ትእዛዝ የዳበልን ስም በዜና ቪዲዮዎች ላይ አበዛው።

ታዲያ የዳበል ተወላጅ የሆነች ወጣት የአያቷን የወተት ዕቃ፣ የመንደሯን የውኃ ጕድጓድ ወይም የጎሣዋን የመሥዋዕት በዓል የሚያሳይ ምስል በራሷ ቋንቋ ቃል ብትፈልግ ምን ታገኛለች? መልሱ በምስሉ መኖርና አለመኖር ላይ ብቻ አይወሰንም። ምስሉ ተቀምጦ፣ ተጠብቆ፣ ለሕዝብም ክፍት ሆኖ ሳለ ፍለጋው ባዶ ሊመለስ ይችላል። ባዶ የፍለጋ ውጤት ደግሞ «አልተገኘም» ከማለት ይልቅ «የለም» እንደ ማለት ሆኖ ይነበባል። የመረጃ ፍለጋ ባለሙያዎች የአንድን መፈለጊያ ብቃት በሁለት ሚዛን ይለካሉ፤ ከቀረበው ውጤት ውስጥ ምን ያህሉ በእርግጥ የተፈለገው ነው የሚለው አንዱ ሲሆን፣ በክምችቱ ካለው ተፈላጊ ነገር ምን ያህሉ ቀርቧል የሚለው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ጉድለት ተጠቃሚው በዓይኑ ያየዋል። ሁለተኛውን ግን ሊያየው አይችልም፤ የቀረበትን አያውቅምና። የድንበር ቋንቋዎች ጉዳት በአብዛኛው በዚህ በማይታየው ጉድለት ውስጥ ነው።

2. ኮምፒዩተር ምስልን የሚፈልግባቸው ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያውና ጥንታዊው መንገድ በገላጭ መረጃ፣ በተለምዶ ሜታዳታ በሚባለው፣ የሚደረግ ፍለጋ ነው። ርእስ፣ ቦታ፣ ቀን፣ የሰው ስም፣ ርእሰ ጉዳይና አጭር መግለጫ ከምስሉ ጋር ተጽፈው ይቀመጣሉ፤ መፈለጊያው የሚያነበው ይህን ጽሑፍ እንጂ ምስሉን አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ በምስሉ ይዘት ላይ የተመሠረተ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አይቢኤም ያቀረበው ኪውቢክ የተባለው ሥርዓት ምስሎችን በቀለም፣ በቅርጽና በገጽታ ልስላሴ ወይም ሸካራነት ያነጻጽር ነበር። እንዲህ ያለው ሥርዓት ቀይ አፈርንና ቀይ ጨርቅን አንድ ላይ ሊያቀርብ ይችላል፤ ትርጉም አያውቅምና። በ2009 ይፋ የሆነው ኢሜጅኔት ይህን ለመሻገር ዎርድኔት ከተባለው የእንግሊዝኛ ቃላት መረብ የተወሰዱ ስሞችን ይዞ ለእያንዳንዱ ስም ምስሎችን ሰበሰበ፤ ኮምፒዩተሮችም ከዚህ ስብስብ ነገሮችን መለየት ተማሩ። በ2021 ኦፕንኤአይ ያወጣው ክሊፕ የተባለው ሞዴል ደግሞ 400 ሚሊዮን ከሚሆኑ የምስልና የጽሑፍ ጥንዶች ተምሮ፣ ምስልንና ዐረፍተ ነገርን ወደ ቁጥር ሰንሰለት፣ ማለትም ወደ ቬክተር፣ ይለውጣል፤ በትርጉም የተቀራረቡት በቁጥርም እንዲቀራረቡ ያደርጋል። በዚህ ዘዴ ምንም መግለጫ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ «በጕድጓድ ዙሪያ የቆሙ ከብቶች» በሚል ሐረግ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ለቪዲዮ የተለየ ነው። በቪዲዮው ውስጥ ያለው ንግግር ወደ ጽሑፍ ይለወጥና ጽሑፉ ከደቂቃና ከሴኮንድ ጋር ተያይዞ ይፈለጋል። የአንድ ሰዓት ቅጂ «የቦረና ሥነ ሥርዓት» በሚል አንድ ርእስ ብቻ ከተመዘገበ እንዳልተመዘገበ ይቈጠራል፤ ፈላጊው ሙሉውን ሰዓት ተቀምጦ ማየት አለበትና። በሰዓት የተያያዘ ጽሑፍ ግን ወደ ሚፈለገው ቅጽበት በቀጥታ ይወስዳል።

ሦስቱም መንገዶች የሚገናኙበት ነጥብ አንድ ነው። ፈላጊው የሚያስገባው ቃል ነው፤ ምስሉንም ከቃሉ ጋር ያገናኘው አስቀድሞ በሰው የተጻፈ ቃል ነው። በሁለተኛው መንገድ እንኳ ኮምፒዩተሩ «ያየ» የሚመስለው ሰዎች ከምስል አጠገብ የጻፉትን በብዛት ስላነበበ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የማን ቃል ነው ወደሚለው ይመለሳል።

3. የቦታና የሕዝብ ስም

በዳበል ዙሪያ የመጀመሪያው እንቅፋት የሚገጥመው በስሞች ላይ ነው። ሳኩዬዎችና ገብራዎች የቦረና ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ ግን ራሳቸውን ከቦረና የተለዩ ሕዝቦች አድርገው ያያሉ። ጉንተር ሽሌ በ1989 ባሳተመው ጥናት በሰሜን ኬንያ ጎሣዎች የቋንቋና የብሔር ወሰንን ተሻግረው እንዴት እንደሚገናኙ በዝርዝር አሳይቷል። «ሶሪዮ» የተባለውን የእንስሳት መሥዋዕት በዓል ለምሳሌ የኦሮምኛ ተናጋሪ የሆኑት ገብራዎችና ሳኩዬዎች ከሬንዲሌዎች ጋር ይጋሩታል። የቋንቋ ስምን እንደ ሕዝብ ስም አድርጎ የመዘገበ ክምችት የሳኩዬን ሶሪዮ «ቦረና» በሚል ሥር ያስገባዋል፤ የሳኩዬ ተወላጅ በራሱ ሕዝብ ስም ሲፈልግ አያገኘውም።

ዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ኮድም ችግሩን አያቃልልም። «ጂ-ኤ-ኤክስ» የሚለው ባለሦስት ፊደል ኮድ የቦረናን፣ የአርሲንና የጉጂን ኦሮምኛ በአንድነት ይይዛል። በቤተ መዛግብት ውስጥ በዚህ ኮድ የሚፈልግ ተመራማሪ የዳበልን ቅጂ ከአርሲ ቅጂ ለመለየት ሌላ መስክ ያስፈልገዋል። ቡርጂኛ የራሱ ኮድ አለው፤ ነገር ግን በሞያሌና በማርሳቢት የሚኖሩ ቡርጂዎች ብዙ ጊዜ በሌሎች ቋንቋዎችም ስለሚናገሩ «ቋንቋ» የሚለውን መስክ በአንድ ኮድ ብቻ መሙላት ቅጂውን ያዛባዋል።

ከዚህ የሚከብደው የቀድሞ ካታሎጎች ጉዳይ ነው። በውጭ አገር ቤተ መዛግብት የሚገኙ የቈዩ ፎቶግራፎችና የድምፅ ቅጂዎች የኦሮሞን ሕዝብና ቋንቋ ዛሬ እንደ ስድብ በሚቈጠር የቀድሞ ስያሜ መዝግበዋል። ስያሜውን ከካታሎጉ ፈጽሞ መሰረዝ የቈየውን መዝገብ ፈለግ ያጠፋል፤ እንዳለ በገጹ ላይ ማሳየት ደግሞ ተመልካቹን ያዋርዳል። የተሻለው አካሄድ ቃሉን በውስጥ መዝገብ አቆይቶ ፍለጋውን ወደ ትክክለኛው ስም ማሸጋገር ነው። የማጣሪያ ሥራውም ጥንቃቄ ይሻል። ያ ስያሜ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ በቦረና ኦሮምኛ ከግመል መጠሪያ ጋር አንድ ዓይነት ስለሚሆን፣ በጭፍን የሚሠራ ማጣሪያ የግመል አርቢዎችን ምስል ሁሉ ሊደብቅ ይችላል።

4. አንድ ቃል በብዙ አጻጻፍ

ሁለተኛው እንቅፋት ሥርዓተ ጽሕፈት ነው። በኢትዮጵያ ኦሮምኛ ከ1991 ወዲህ በቁቤ ይጻፋል። በኬንያ ትምህርት ቤት ያለፈ የቦረና ተናጋሪ ግን ፊደል የቈጠረው በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ነው፤ ለራሱ ቋንቋም ከሁለቱ የወረሰውን ልማድ ይጠቀማል። ልዩነቱ በተለይ ላቲን በቀጥታ በማይወክላቸው ድምፆች ላይ ጎልቶ ይታያል።

ቁቤ «ጥ»ን በ«ኤክስ»፣ «ጭ»ን በ«ሲ»፣ «ቅ»ን በ«ኪው» ይጽፋል። በስዋሂሊ «ኤክስ» እና «ኪው» አያገለግሉም፤ «ሲ»ም ብቻዋን አትቆምም። ስለዚህ የቦረናው የወተት ዕቃ «ጪጮ» በቁቤ «ሲ-አይ-አይ-ሲ-ኦ-ኦ» ሲሆን፣ በስዋሂሊ ልማድ የሚጽፍ ሰው በየ«ሲ»ው አጠገብ «ኤች» ይጨምራል፤ የአናባቢውንም መርዘም ይተዋል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ምንም የማይዛመዱ ሁለት የፊደል ሰንሰለቶች ናቸው። የአማርኛው «ጮጮ» የዚሁ ቃል ዘመድ መሆኑን ደግሞ ከቋንቋ ባለሙያ በቀር ማንም አይነግረውም።

ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገረው «ዸ» የባሰ ነው። ቁቤ «ዲ-ኤች» ብሎ ይጽፈዋል፤ በስዋሂሊ ግን ይኸው የፊደል ጥምር ከዐረብኛ ለመጡ ቃላት የሚያገለግል፣ ምላስ በጥርስ መካከል ሲሆን የሚነገር ሌላ ድምፅ ነው። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ «ዲ»ን ብቻ ቢጠቀም፣ የቦረናው «ዸዻ»፣ ማለትም ቅቤ፣ በስዋሂሊ «እህት» ከሚለው «ዳዳ» ጋር አንድ ይሆናል። ቋንቋን በራሱ ለይቶ የሚተረጕም መፈለጊያ በዚህ ቃል ቅቤ ለሚፈልገው ሰው የእህትማማች ፎቶግራፍ ቢያቀርብለት የሚገርም አይደለም።

ወደ ግእዝ ፊደል ሲሻገርም ችግሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አያበቃም። የቡና ፍሬ በቅቤ የሚበስልበት የቦረና ሥርዓት «ቡና ቀላ» ይባላል፤ «ቀላ» የሚለው ቃል ከማረድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቡናው ልክ እንደ መሥዋዕት ይታሰባልና። አማርኛ አንባቢ ግን «ቀይ ሆነ» የሚለውን ግሥ ይሰማል፤ «ቆላ» ከሚለውም ያምታታዋል። በዚህ ላይ የግእዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ አማርኛ ጸሐፊዎችም ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትን እያቀያየሩ ይጽፋሉ። «ፀሐይ» የምትለው አንዲት ቃል «ጸ» እና «ፀ»ን፣ እንዲሁም «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን በማቀያየር ብቻ በስድስት መንገድ ትጻፋለች። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ከተካተተ ወዲህ ኮምፒዩተር ፊደሉን ያለ ችግር ያስቀምጣል፤ ሆሄያቱን አንድ አድርጎ የማንበብ ሥራ ግን ለእያንዳንዱ መፈለጊያ ሠሪ የተተወ ነው።

5. «መቼ» የሚለው መስክ

ቀን ከስም ይልቅ ቀላል ይመስላል፤ በሞያሌ ግን አይደለም። በአንድ ከተማ ሁለት ዘመን አቈጣጠሮች ይሠራሉ፤ በኢትዮጵያ በኩል በ1966 ዓ.ም. የተጻፈው በኬንያ በኩል 1973 ወይም 1974 ነው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ሳይጨመርበት ቁጥር ብቻ የተመዘገበ ፎቶግራፍ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሊሳሳት ይችላል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ስዋሂሊ እንደ አማርኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ይቈጥራል፤ እኩለ ቀን «ሳ ሲታ»፣ ስድስት ሰዓት ነው። ካሜራው የመዘገበው አሥራ ሁለት ሰዓት ተናጋሪው ከሚለው ስድስት ሰዓት ጋር እንዲገናኝ ለመፈለጊያው ሊነገረው ይገባል።

የቦረና ሽማግሌ የሚተርከው ጊዜ ግን ከሁለቱም አቈጣጠሮች ውጭ ሊሆን ይችላል። አስመሮም ለገሠ በ1973 ባሳተመው «ገዳ» በተሰኘው ሥራው እንዳስረዳው፣ የቦረና አቈጣጠር በጨረቃና በከዋክብት ላይ የቆመ ሲሆን 12 ወራትና ስም ያላቸው 27 ቀናት አሉት። ረጅም ዘመን ደግሞ በስምንት ዓመቱ በሥልጣን ላይ በሚሆነው አባ ገዳ ስም ይጠራል። «ኬንያ ቦራን» የተቀረጸው በጎባ ቡሌ ገዳ (1968–1976) ነው። «በጎባ ቡሌ ዘመን» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ይህን ፊልም ማቅረብ የሚችል መፈለጊያ ለመሥራት የሚያስፈልገው የአባ ገዳዎች የዘመን ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ሰንጠረዡ በታተሙ ጥናቶች ውስጥ አለ፤ ወደ መፈለጊያ የሚያስገባው ሰው ነው የጐደለው።

6. ዓይን የማያየው ልዩነት

በይዘት የሚፈልጉ አዳዲስ ሞዴሎች እነዚህን ሁሉ የጽሑፍ ችግሮች የሚያልፉ ይመስላሉ፤ ምስሉን በቀጥታ ያነባሉ ይባላልና። ማስረጃው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ2017 የጉግል ተመራማሪዎች ሰፊ ጥቅም ላይ የዋሉ የምስል ስብስቦችን መርምረው ይዘታቸው ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ያጋደለ መሆኑን አሳይተዋል። በዚሁ ጥናት የኢትዮጵያና የፓኪስታን ሙሽሮች ፎቶግራፎች የአሜሪካና የአውስትራሊያ ሙሽሮችን ያህል በአስተማማኝ ሁኔታ «ሙሽራ» ተብለው አልተለዩም። በ2019 የፌስቡክ ተመራማሪዎች ያደረጉት ሌላ ጥናት ደግሞ ነገር የሚለዩ ሥርዓቶች በዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ቤት የተነሡ የቤት ዕቃዎችን ሲለዩ ስሕተታቸው እንደሚበዛ አሳይቷል።

ከስሕተቱ ብዛት በላይ የስሕተቱ ዓይነት ለቋንቋ ጥናት ያስተምራል። በቦረና ቤት «ጎርፋ» ወተት የሚረጋበት፣ ከተክል ሥር የሚሠፋ ዕቃ ነው፤ በውስጡ የሚረጋው ወተት «ኢቲቱ» ይባላል። «ኦኮሌ» የሚታለብበት የቆዳ ዕቃ ሲሆን «ጪጮ» አነስተኛው ነው። ከእንግሊዝኛ ስሞች የተማረ ሞዴል ሦስቱንም «ቅርጫት» ወይም «ማሰሮ» ከሚለው መደብ ቢያስገባቸው በራሱ ሚዛን አልተሳሳተም፤ የተሰጠው መደብ ያ ብቻ ነውና። ጎርፋን ለይቶ እንዲፈልግ የጎርፋ ምስሎች «ጎርፋ» ከሚል ቃል ጋር በብዛት ሊያጋጥሙት ይገባ ነበር።

ከዚህ አልፎ፣ ምሳሌ ቢበዛም የማይፈታ ልዩነት አለ። የቦረና አርብቶ አደር ከብቱን «ወራ» እና «ፎራ» ብሎ ይከፍላል። ወራ በመንደር ዙሪያ የሚቆየው የሚታለበው መንጋ ነው፤ ፎራ ወጣቶች ወደ ሩቅ ግጦሽ ይዘውት የሚሄዱት፣ በአብዛኛው የማይታለበው መንጋ ነው። በፎቶግራፍ ሁለቱም ከብቶች ናቸው። ልዩነቱ በቀለማቸውም በቅርጻቸውም ውስጥ የለም፤ ያለው መንጋው ባለበት ሁኔታና በባለቤቱ አእምሮ ውስጥ ነው። አንድ የውኃ ጕድጓድ የማን ጎሣ እንደሆነ፣ አንድ ዛፍ ሸንጎ የሚቀመጥበት ይሁን ወይም ተራ ጥላ፣ በበዓል ላይ የምትታየው ሴት የማን እናት እንደሆነች፣ ይህ ሁሉ ከምስሉ ውጭ ነው። ሞዴሉ ምንም ያህል ቢሻሻል ያልተቀረጸውን አያነብም። ይህን የሚሞላው ምስሉን አይቶ የሚናገር ሰው ብቻ ነው።

7. ንግግሩን መፈለግ

በቪዲዮ ውስጥ ያለው ንግግር ስለዚህ ከፍተኛ ዋጋ አለው፤ ሽማግሌው ጕድጓዱን እያሳየ ስሙንና ባለቤቱን ይናገራልና። በ2022 ኦፕንኤአይ ያወጣው ዊስፐር 680 ሺህ ሰዓት ከሚሆን የድምፅ ቅጂ የተማረ ሲሆን፣ በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ፣ ሶማሊኛና ስዋሂሊ አሉ፤ ኦሮምኛ ግን የለም። እንዲህ ያለው ሥርዓት የማያውቀውን ቋንቋ ሲሰማ ዝም አይልም። ከሚያውቃቸው በአንዱ ይመድበውና ጽሑፍ የሚመስል ነገር ያወጣል። ይህ ውጤት ሳይመረመር ወደ መፈለጊያ ከገባ፣ የዳበሉ ሽማግሌ ምስክርነት በሌላ ቋንቋ ስም፣ ባልተናገራቸው ቃላት ተመዝግቦ ይቀራል። ከባዶ መዝገብ የባሰ ነው፤ ባዶው ቢያንስ ሥራ እንደቀረ ይጠቁማልና።

በኢትዮጵያ የተሠሩ ሥራዎች መሠረት ጥለዋል። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ በ2005 ለአማርኛ፣ በ2020 ደግሞ ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛና ለወላይትኛ የንግግር ስብስቦችን አቅርበዋል። ስብስቦቹ ከጽሑፍ የተነበቡ ናቸው። በጕድጓድ ዳር፣ ከብት እየጮኸ፣ ከቦረና ኦሮምኛ ወደ ስዋሂሊ፣ ከስዋሂሊ ወደ አማርኛ እየተሻገረ የሚነገር ንግግር ሌላ ዓለም ነው። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚሠራው አስተማማኝ ዘዴ አሁንም የሰው ጆሮ ነው። በኔዘርላንድ በማክስ ፕላንክ የሥነ ልቡና ቋንቋ ጥናት ተቋም የተሠራው ኤላን የተባለው መሣሪያ ንግግሩን ከሴኮንድ ጋር እያያያዙ ለመጻፍ ያስችላል፤ ንግግሩ በአንድ መስመር፣ ትርጉሙ በሌላው፣ የሚታየው ነገር ስም በሦስተኛው ይሰፍራል። ሥራው አድካሚ ነው። ሙሉ ግልባጭ የማይቻል ሲሆን ግን የቁልፍ ቃላትን መስመር ብቻ መሙላት እንኳ ቪዲዮውን ከዝምታ ያወጣዋል።

8. ከመዝገበ ቃላት ወደ መፈለጊያ

ብዙ ምስል በጥሩ መዝገብ እንደሚከፈት ለማየት ከኢትዮጵያ ውጭ መሄድ አያስፈልግም። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍትን አንሥቷል። ቅጂዎቹ በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እነዚህን ምስሎች ተመራማሪ ሊጠቀምባቸው የቻለው ዊልያም ማኮምበርና በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እያንዳንዱን መጽሐፍ ገልጠው፣ የሥራውን ስም፣ የጸሐፊውን ዘመን፣ የኅዳግ ማስታወሻውን ሳይቀር ስለመዘገቡ ነው። ከ2016 ጀምሮ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው ፕሮጀክት ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ቦታና ሥራ ቋሚ መለያ እየሰጠ የተለያዩ አጻጻፎችን ከአንድ መለያ ጋር ያያይዛል። የተጻፈ ቅርስ ያለው ወገን ይህን ዕድል አግኝቷል። የቃል ቅርስ ያለው ወገን ገና ነው።

ለቦረና ኦሮምኛ ግን መነሻው ተዘጋጅቷል። የሃሪ ስትሮመር የኬንያ ቦረና ሰዋስው በ1995 ታትሟል። ቶን ሌውስ ከሲንቲያ ሳልቫዶሪ ጋር ያዘጋጀው «አዳ ቦረና» የተሰኘው የባህል መዝገበ ቃላት በ2006 አዲስ አበባ ላይ ወጥቷል። ለቡርጂኛም የሃንስ ዩርገን ሳሰ ሥርወ ቃላዊ መዝገበ ቃላት ከ1982 ጀምሮ አለ። እነዚህ መጻሕፍት እንደ መዝገበ ቃላት ብቻ ሲታዩ ቃልን ከፍቺ ጋር ያገናኛሉ፤ እንደ መፈለጊያ መሠረት ሲታዩ ግን ቃልን ከምስል የሚያገናኙ ዝግጁ መደቦች ናቸው። በሥራ ላይ ሊውል የሚችለው አካሄድ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ ከፊደል ነጻ የሆነ አንድ ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ለጎርፋ የተሰጠው ቁጥር የቁቤውን አጻጻፍ፣ በኬንያ የተለመዱትን አጻጻፎች፣ የግእዝ ፊደሉን፣ እንዲሁም የአማርኛ፣ የስዋሂሊና የእንግሊዝኛ ማብራሪያዎችን በአንድነት ይይዛል። ከእነዚህ በማንኛውም የገባ ፍለጋ ወደ አንድ ቦታ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ «ቋንቋ»፣ «ሕዝብ» እና «ጎሣ» የሚሉት መስኮች ይለያያሉ፤ እያንዳንዱም ከአንድ በላይ መልስ ይቀበላል።

ሦስተኛ፣ ቀን ከነአቈጣጠሩ ይመዘገባል። ተናጋሪው ያለው አነጋገር እንዳለ ይቀመጥና የጎርጎርዮሳዊው ግምት በጎኑ ይጨመራል።

አራተኛ፣ የቪዲዮ መግለጫ ከደቂቃና ከሴኮንድ ጋር ይያያዛል።

አምስተኛ፣ ማን እንደገለጸው ይመዘገባል። በአንድ ምስል ላይ ሁለት ሰዎች ሁለት ስም ቢሰጡ ሁለቱም ይቀመጣሉ፤ ልዩነቱ ራሱ የዘዬ መረጃ ነውና። ኮምፒዩተር ያወጣው መግለጫም የኮምፒዩተር መሆኑ ሳይደበቅ በተለየ መስክ ይቀመጣል።

በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ክምችት በይዘት የሚፈልጉ ሞዴሎችንም ይጠቅማል። ተናጋሪዎች «ጎርፋ» ብለው ያረጋገጡት ጥቂት ምስል ካለ፣ ሞዴሉ ከሺዎች መካከል የሚመስሉትን ፈልጎ ያቀርባል፤ ተናጋሪውም ይህ ነው፣ ይህ አይደለም እያለ ይለያል። የኮምፒዩተር ፍጥነትና የሰው ዕውቀት የሚደጋገፉት በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

9. መገኘት የማይገባው

ፍለጋን ማቅለል ሁልጊዜ በጎ አይደለም። አንዳንድ ሥርዓቶች በተወሰኑ ሰዎች ፊት ብቻ የሚፈጸሙ ናቸው። በወርቅ ማውጫ የተቀረጸ ሠራተኛ ፊቱ በፍለጋ መገኘቱ ለክስ ወይም ለበቀል ሊያጋልጠው ይችላል። የግጭት ቪዲዮ በጎሣ ስም ተደራጅቶ ሲገኝ ቂምን ያድሳል። ኬንያ በ2019፣ ኢትዮጵያ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል፤ በሁለቱ አገሮች ወሰን ላይ የተሰበሰበ ምስል የሁለቱንም ሕግ ማክበር ይኖርበታል። ሕጉ ዝቅተኛው መስፈርት ነው። ከዚያ በላይ፣ የተቀረጸው ሰው ለመቀረጽ የሰጠው ፈቃድ በፊቱ ወይም በስሙ ተፈልጎ ለመገኘት የሰጠው ፈቃድ ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም። በ1974 ካሜራ ፊት የቆመ ልጅ የዛሬውን መፈለጊያ ሊያስብ አይችልም ነበር። ስለዚህ ስድስተኛ መስክ ያስፈልጋል፤ ማን ሊያየው፣ በምን ቃል ሊገኝ እንደሚገባ የሚወስን፣ ማኅበረሰቡም ሊለውጠው የሚችለው መስክ።

10. ማጠቃለያ

የኬንያ የማኅበረሰብ መሬት ሕግ በ2016 ከወጣ ወዲህ የአርብቶ አደር ማኅበረሰቦች የጋራ መሬታቸውን በስማቸው ማስመዝገብ ይችላሉ። የትኛው ጕድጓድ በማን እንደተቈፈረ፣ የትኛው ግጦሽ በየትኛው ወቅት በማን እንደሚጠበቅ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ቃል በቪዲዮ ውስጥ አለ፤ አንዳንዶቹ ተናጋሪዎች አልፈዋል። ያ ቃል ሲያስፈልግ መገኘቱ ወይም አለመገኘቱ የሚወሰነው በአንድ የመዝገብ መስክ፣ በአንድ ፊደል፣ በአንድ የዘመን ሰንጠረዥ ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ ከኮምፒዩተር ሳይንስ ይልቅ ለሥነ ልሳን የቀረበ ሥራ ነው። የድምፅ ልዩነትን ከአጻጻፍ ልዩነት መለየት፣ የዘዬን ስም ከሕዝብ ስም መለየት፣ የቃልን ፍቺ ከነአገባቡ መመዝገብ የክልል ቋንቋዎች ተመራማሪዎች የዕለት ተግባር ነው። የመስክ ማስታወሻቸው፣ የቃላት ዝርዝራቸውና ግልባጫቸው ወደ ምስል ክምችቶች የመግለጫ መስክ ከገባ፣ በዳበል «ጎርፋ» ብላ የምትፈልግ ወጣት ጎርፋን ታገኛለች።